በተገለገለ ፒክአፕ መኪና ውስጥ ስላሉት የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይቶች፤ አመራረጣቸውና አለዋወጣቸው

ማናቸውም ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ የመመርመር ልማድ አለው። ቡና የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይረካም፤ እጁን ሰዶ ከመካከሉ ይዘግናል። ቆዳ የሚገዛም ገልብጦ በሥጋ በኩል ያለውን ገጽ ሳያይ ዋጋ አይቈርጥም። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ለሥራው የሚሆን የተገለገለ ፒክአፕ መኪና ሲገዛ፣ ቀለሙን ተመልክቶ፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ፣ የኪሎ ሜትር ቈጣሪውን አንብቦ ገንዘቡን ሲከፍል እናያለን። ከገዛም በኋላ የሞተሩን ዘይት የሚያስለውጥ ብዙ ነው፤ ከሞተሩ በስተኋላ ባሉት ሣጥኖች ውስጥ ያለው ዘይት ከተለወጠ ስንት ዘመን እንደ ሆነው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለክቡራን አንባብያን ለማስረዳት የምንፈልገው፣ የተገለገለ ፒክአፕ የገዛ ሰው ጭነት ከመጫኑ አስቀድሞ የካምቢዮውን፣ የትራንስፈሩንና የዲፈረንሻሎቹን ዘይት አፍስሶ መመርመርና አምራቹ ባዘዘው ዐይነት ዘይት መለወጥ የሚገባው መሆኑን ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቀድሞው ባለቤት ምን ዐይነት ዘይት እንደ ሞላ ገዢው ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛ፣ ከሣጥኑ የሚፈሰው አሮጌ ዘይት ስለ መኪናው ያለፈ ኑሮ ከሻጩ ቃልና ከኪሎ ሜትር ቈጣሪው ይልቅ የታመነ ምስክር ነው።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት

ቶዮታ ሃይሉክስ የተባለው ፒክአፕ መኪና መሠራት የጀመረው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ይህና የእርሱ ቢጤ የሆኑት መኪናዎች በአገራችን የንግድ ሥራ ውስጥ ያላቸውን ስፍራ ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ እህል ወደ ገበያ፣ ሸቀጥም ወደ ገጠር ሱቅ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በእነርሱ ጀርባ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ መጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። እንግዲህ በእጅ ያለውን መኪና በሌላ መተካት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። በእጅ ያለ ፒክአፕም እንደ መጋዘንና እንደ ሚዛን ሁሉ የነጋዴው ዋና ገንዘብ ክፍል ስለ ሆነ፣ እንደ ዋና ገንዘብ ሊጠበቅ ይገባዋል።

አንድ የምናውቀው የእህል ነጋዴ የደረሰበትን ብንናገር ነገሩን ያስረዳል። ይህ ሰው ባለ ሁለት ጋቢና፣ በአራቱም ጎማ የሚስብ ፒክአፕ ገዛ። ቈጣሪው የሚያሳየው ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በታች ነበር። ሰውዬውም የሞተሩን ዘይትና ፊልትሮ ለወጠ፤ ጎማ አደሰ፤ ከዚያም ምስር ጭኖ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። የዓባይን በረሃ ከደጀን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ ከኋላ በኩል እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ተሰማው። ድምፁ እየበረታ ሄዶ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ ዳገቱም ሳያልቅ የኋላው ዲፈረንሻል ተሰባብሮ መኪናው ቆመ። ምስሩ በውድ ኪራይ ወደ ሌላ መኪና ተገለበጠ። የማስረከቢያው ቀን ስላለፈ ገዢው ከሌላ ነጋዴ ገዛ። ዲፈረንሻሉ ሲከፈት የተገኘው ዘይት ሳይሆን ወተት የበዛበት ማኪያቶ የሚመስል ነገር ነበር። የቀድሞው ባለቤት መኪናውን በወንዝ ውስጥ ሲያመላልስ ውሃ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ኖሯል። ኩሽኔታዎቹ ዝገው፣ የጥርሱም ፊት ተበልቶ ነበር። ይህን ሁሉ ሊያስቀር ይችል የነበረው ሦስት ሊትር ያህል ዘይትና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የዘይቱ ሥራ በየክፍሉ

የሞተሩ ኀይል በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል። በአራቱም ጎማ በሚስብ መኪና ከካምቢዮው ቀጥሎ፣ ኀይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር የተባለው ሣጥን አለ። ከዚያም ኀይሉ በካርዳን ወደ ኋላውና ወደ ፊቱ ዲፈረንሻል ይደርስና ጎማዎቹን ያዞራል። እነዚህ አራት ሣጥኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዘይት አላቸው። ከሞተሩ ዘይት ጋር ምንም መገናኛ ስለሌላቸው፣ የሞተሩን ዘይት መቶ ጊዜ መለወጥ ለእነርሱ የሚጠቅማቸው ነገር የለም። የአራቱ ሣጥኖች ዘይት በአንድነት ቢደመር በመካከለኛ ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ሊትር ቢሆን ነው።

አራቱ ሣጥኖች በሥራቸው አንድ አይደሉም። በእጅ በሚለወጠው ካምቢዮ ውስጥ፣ ማርሽ በሚገባበት ጊዜ የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት የሚያስተካክሉ የናስ ቀለበቶች አሉ። እነዚህ ቀለበቶች ሥራቸውን የሚሠሩት በመጠኑ በመፋተግ ነው። ስለዚህ የካምቢዮ ዘይት ጥርሶቹን ከመበላት እየጠበቀ፣ ለቀለበቶቹ ግን ጥቂት መያዝን የሚፈቅድ ሊሆን ያስፈልገዋል። ከመጠን በላይ የሚያንሸራትት ዘይት ከተሞላ ቀለበቱ መያዝ ይሳነዋል፤ ነጂውም ማርሽ ባስገባ ቍጥር መንኰራኵሮቹ ሲንቀጫቀጩ ይሰማል።

በኋላው ዲፈረንሻል ያለው ነገር ከዚህ የተለየ ነው። የዘመናዊ ፒክአፕ የኋላ ዲፈረንሻል ሃይፖይድ የተባለ የጥርስ አሠራር አለው። ይኸውም ከካርዳኑ ኀይል የሚቀበለው ትንሹ ጥርስ ከትልቁ ክብ ጥርስ መካከለኛ ነጥብ ዝቅ ብሎ የሚገናኝበት ዘዴ ነው። ይህ አሠራር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በአሜሪካ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ፓካርድ የተባለው አውቶሞቢል ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ነበር። ጥቅሙ ካርዳኑ ዝቅ እንዲል ማድረጉና ጥርሱም ጠንካራና ድምፀ ለስላሳ መሆኑ ነው። ጕዳቱ ደግሞ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው መንከባለል ብቻ ሳይሆን በብርቱ ግፊት እየተንሸራተቱ መፋተጋቸው ነው። ተራ ዘይት በዚህ ግፊት ተጨምቆ ይወጣና ብረት በብረት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለሃይፖይድ የሚሆነው ዘይት ድኝና ፎስፎረስ ያለበት ቅመም ይጨመርበታል። ቅመሙም ጥርሶቹ ሲግሉና ሲጫኑ ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋሕዶ፣ በጥርሶቹ መካከል እንደ ስስ ሽፋን ሆኖ ይከላከላል። የዲፈረንሻል ዘይት ሲሸት የሚከረፋው ከዚህ ከድኙ የተነሣ ስለ ሆነ፣ ሽታው ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም።

ነገር ግን ለብረት መድኃኒት የሆነው ይህ ቅመም መጠኑ ሲበዛ ለናስ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ በሙቀት ጊዜ ድኙ ናሱን ይበላዋልና። እንግዲህ ለዲፈረንሻል ጥሩ የሆነ ዘይት ለካምቢዮ የግድ ጥሩ የማይሆንበት ምክንያት ይህ ነው።

በቆርቆሮው ላይ የተጻፉት ፊደላትና ቍጥሮች

በአገራችን የመካኒክ ቋንቋ አብዛኛው ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ የምንለው ከዚያ የወረስነው ነው። በዘይት ቆርቆሮ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። በዚህ ምክንያት ባለመኪናው፣ መካኒኩና ባለሱቁ ስለ አንድ ዘይት እየተነጋገሩ ሳይግባቡ ይቀራሉ። ደግነቱ ዋናው ነገር በሁለት ምልክቶች ተለይቶ ስለሚጻፍ፣ እነርሱን የለየ ሰው አይሳሳትም።

የመጀመሪያው ምልክት ጂ ኤል የሚለው ነው። ይህ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ያወጣው የጥርስ ዘይት መለያ ሲሆን፣ የሚያሳየው ዘይቱ ለየትኛው ሥራ እንደ ተዘጋጀ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ጂ ኤል 4 እና ጂ ኤል 5 ናቸው። ጂ ኤል 5 ለሃይፖይድ ዲፈረንሻል የተዘጋጀ ነው። ጂ ኤል 4 ደግሞ የቅመሙ መጠን ከጂ ኤል 5 በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ፣ በተለይ ለካምቢዮ የሚስማማ ነው።

በዚህ ላይ በነጋዴዎቻችን ዘንድ የሚታይ አንድ ስሕተት አለ። ይኸውም 5 ከ4 ስለሚበልጥ ጂ ኤል 5 ከጂ ኤል 4 የተሻለ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ቍጥሩ የሥራ መለያ እንጂ የማዕርግ ደረጃ አይደለም። ጂ ኤል 6 የተባለ መለያም ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሥራ ውጭ ሆኗል። ትልቅ ቍጥር የበላይነት ምልክት ቢሆን ኖሮ የሁሉ አለቃ እርሱ በሆነ ነበር። ባለሱቅም ደንበኛውን «ይህ ይሻልሃል» ብሎ ለካምቢዮ ጂ ኤል 5 ቢሸጥለት፣ በቅን ልቡና ሆኖ ሳለ የደንበኛውን መኪና ሊጐዳ ይችላል። «ጂ ኤል 4 እና 5» የሚል ጽሑፍ በአንድነት ያለባቸው ዘይቶችም አሉ፤ እነዚህ የጂ ኤል 5 ብርታት ያላቸው ስለ ሆኑ፣ ጂ ኤል 4 ብቻ በታዘዘበት ካምቢዮ ውስጥ ባይሞሉ ይመረጣል። ሆኖም አምራቹ ሁለቱንም የፈቀደበት ካምቢዮ አለ፤ በብዙ የሃይሉክስ መኪናዎች መጽሐፍ ላይ ለካምቢዮው ሁለቱም ተፈቅደው ይገኛሉ። እንግዲህ ፍርዱ የባለሱቁም የመካኒኩም ሳይሆን የመጽሐፉ ይሁን።

ሁለተኛው ምልክት የውፍረት ቍጥር ነው፤ ለምሳሌ 75ደብልዩ-90፣ 80ደብልዩ-90፣ 85ደብልዩ-140 የሚሉት ናቸው። ደብልዩ የተባለው ፊደል ክረምትን የሚያመለክት ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት ያለው ቍጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈስ ያሳያል። 75ደብልዩ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ፣ 80ደብልዩ እስከ 26 ዲግሪ፣ 85ደብልዩ ደግሞ እስከ 12 ዲግሪ ለሚደርስ ብርድ የተመደቡ ናቸው። በኋላ ያለው ቍጥር ዘይቱ በጋለ ጊዜ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። በደጋችን ብርድ እንኳ 80ደብልዩ-90 ከበቂ በላይ ስለ ሆነ፣ አምራቹ ካላዘዘ በቀር ለብርድ ብቻ ተብሎ ውድ ዘይት መግዛት አያስፈልግም። 140 ደግሞ ሁልጊዜ በቆላ ሙቀት ከባድ ጭነት ለሚሸከም መኪና አምራቹ ሲፈቅድ የሚሞላ ነው።

እዚህም ላይ ሌላ ማሳሳቻ አለ። የጥርስ ዘይት 90 ሲባል ከሞተር ዘይት 40 ወይም 50 እጥፍ ወፍራም ይመስላል፤ ነገር ግን የሁለቱ መለኪያ የተለያየ ነው። የጥርስ ዘይት 90 በእውነተኛው ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 ቍጥር የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባል። በተለይ በአዳዲሶቹ የሃይሉክስ ዐይነቶች ለዲፈረንሻሉ ከቀድሞው የቀጠነ 75ደብልዩ-85 ዘይት ታዞ ይገኛል፤ ነጂው «ይህ ቀጭን ነው» ብሎ የወፈረውን ቢሞላ ነዳጅ ያባክናል እንጂ አይጠቅምም።

የመኪናው ዐይነት ሲለወጥ ትእዛዙም እንደሚለወጥ መዘንጋት አይገባም። አንዳንድ የኢሱዙ ፒክአፖች በእጅ ለሚለወጠው ካምቢዮአቸው የሞተር ዘይት ይጠይቃሉ። በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የፎርድ ሬንጀር ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ደግሞ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነውን ቀይ ዘይት ይወስዳል። የኋላው ዲፈረንሻል አንድ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ መያዣ ያለበት ከሆነ፣ ለእርሱ የተለየ ቅመም የገባበት ዘይት ያስፈልጋል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በዲፈረንሻሉ ላይ በተለጠፈ ትንሽ ጽሑፍ ይገለጻል።

አሮጌው ዘይት የሚናገረው

ዘይቱ በንጹሕ ሳፋ ውስጥ ፈስሶ በፀሐይ ብርሃን ሲታይ የሚከተሉትን ያስረዳል።

1ኛ፤ ቡናማ ወይም ጥቍር ሆኖ ጥርት ያለ ከሆነ፣ አርጅቷል እንጂ ክፉ ነገር አላገኘውም።

2ኛ፤ ማኪያቶ የሚመስል ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። አዲስ ዘይት ሞልቶ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳግመኛ አፍስሶ መለወጥ ያስፈልጋል። ውሃው የገባበትም መንገድ ተፈልጎ ሊዘጋ ይገባል።

3ኛ፤ በማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ ባለው ማግኔት ላይ እንደ ግራጫ ቅባት ያለ ልስልስ ደቃቅ ቢገኝ በዕድሜ የሚመጣ ተራ መበላት ነው። በጣት ሲዳሰስ የሚዋጋ ስንጥር ወይም የጥርስ ስባሪ ቢገኝ ግን መኪናው ተከፍቶ ሳይታይ ጭነት ሊጫንበት አይገባም።

4ኛ፤ ከካምቢዮ በወጣው ዘይት ውስጥ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ቢታይ፣ ናስን ማግኔት ስለማይስበው፣ የቀለበቶቹ መበላት ምልክት ነው።

5ኛ፤ የወጣው ዘይት መጽሐፉ ካዘዘው መጠን እጅግ ያነሰ ከሆነ፣ የሚያፈስስ ስፍራ አለ፤ ጥርሶቹም በጐደለ ዘይት ሲሠሩ ኖረዋል።

6ኛ፤ ዘይቱ ከልክ በላይ የወፈረ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ከሆነ ማታለል መኖሩን መጠርጠር ይገባል። የሚያፏጭን ዲፈረንሻል ወይም ካምቢዮ ለመሸጫው ቀን ያህል ዝም ለማሰኘት በጣም ወፍራም ዘይት፣ አልፎ ተርፎም ሰጋቱራ መጨመር በአሮጌ መኪና ንግድ ዘንድ የቈየ ተንኰል ነው።

ገዢው ብልህ ከሆነ ይህን ምርመራ ከመክፈሉ በፊት በሻጩ ፈቃድ ያደርገዋል። የመሙያውን ብሎን ፈትቶ ጣትን አስገብቶ ዘይቱን ማየት ብቻ እንኳ ብዙ ያስታውቃል። መኪናዬ ደኅና ነው የሚል ሻጭም ይህን የሚከለክልበት ምክንያት ሊኖረው አይገባም።

የአለዋወጡ ሥርዓት

መኪናው ሃያ ደቂቃ ያህል ተነድቶ ዘይቱ ለብ ካለ በኋላ በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ ዘንበል ባለ ስፍራ የተሞላ ዘይት ልኩ አይታወቅምና። ለጎማዎቹ ድንጋይ ይደረግ፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ሰው ከቶ አይግባ። በብሎኖቹ ዙሪያ ያለው ጭቃና አቧራ አስቀድሞ ይጠረግ።

ከሁሉ በፊት መፈታት ያለበት የመሙያው ብሎን ነው። ብዙ ሰው የማፍሰሻውን ብሎን አስቀድሞ ፈትቶ ዘይቱን ካፈሰሰ በኋላ፣ የመሙያው ዝጎ እምቢ ሲለው ዘይት የሌለበት መኪና ይዞ ይቀመጣል። የመሙያው መፈታቱ ከተረጋገጠ በኋላ የማፍሰሻው ይፈታ፤ ዘይቱም እስኪንጠባጠብ ድረስ ይተው። ማግኔቱ ይጠረግ፤ ሮንዴላው በአዲስ ይለወጥ። ሣጥኑን በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ለማጠብ መሞከር አይገባም፤ በውስጡ የሚቀረው ጋዝ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።

አዲሱ ዘይት በመሙያው ቀዳዳ በኩል በቱቦ ወይም በመግፊያ ፓምፕ ይሞላል፤ በብዙ መኪናዎች ልኩ ከቀዳዳው ጫፍ ደርሶ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። ከዚያ በላይ በግድ መሙላት ልግስና አይደለም፤ የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ በጐማ ማኅተሞቹ በኩል ሾልኮ የኋላውን ፍሬን ሊያበላሽም ይችላል። ካምቢዮውና ትራንስፈሩ ጐን ለጐን ስለሚገኙ አንዱን ለውጦ ሌላውን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የየራሳቸው ብሎን መኖሩ ይታወስ። በዚሁ አጋጣሚ የካርዳኑ መገጣጠሚያ የሆነው ክሮቼራ ግሪስ ቢጠጣ፣ ፍሪሲዮኑም በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ በክዳኑ ላይ የታዘዘው የፍሬን ፈሳሽ እንጂ የማዕድን ዘይት ከቶ እንዳይጨመርበት ቢጠበቅ መልካም ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእርሱ ዘይት ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ግፊት አስተላላፊም ነው። በቶዮታ መኪናዎች እንደ ዘመናቸው ዴክስሮን፣ ቲ-4 ወይም ደብልዩ ኤስ የተባሉት ታዝዘዋል፤ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም። ብሎኑ ሲፈታ የሚወጣው ዘይት ከጠቅላላው ከፊሉ ብቻ ስለ ሆነ፣ በመለካት የወጣውን ያህል መልሶ መሙላትና ጥቂት ከተነዳ በኋላ መድገም ይሻላል። ለአስመጪዎች ደግሞ አንድ ነገር እናሳስባለን፤ ጄኔራል ሞተርስ ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠቱን በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አቁሟል። ዛሬ ይህ ስም ያለበት ዘይት ቢመጣ የዚያ ኩባንያ ቍጥጥር ያለበት አይደለምና፣ የአምራቹን ማንነትና የዋስትናውን ቃል መርምሮ መግዛት ያስፈልጋል።

ስንት ጊዜ ይለወጥ

አምራቾች የሚያዙት የጊዜ ልክ የተለያየ ቢሆንም፣ የተለመደው ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ይህ ግን ለለስላሳ መንገድና ለቀላል ጭነት የተነገረ ነው። አቧራ፣ ዳገት፣ ከባድ ጭነትና ጭቃ ባለበት አገር የሚሠራ ፒክአፕ ጊዜው በግማሽ ቢያጥርለት የሚገባ ነው። በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መኪና ዘይቱ የሚያየው ሙቀት በከተማ ውስጥ ከሚመላለሰው እጅግ የተለየ ነው።

ወንዝ የሚሻገር መኪና ግን ኪሎ ሜትር አይጠብቅም። የጋለ ዲፈረንሻል በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይቀዘቅዝና ይኰማተራል፤ በዚህም ጊዜ በማኅተሞቹ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ይህን ለመከላከል በዲፈረንሻሉ አናት ላይ ትንሽ መተንፈሻ ተሠርታለች፤ እርስዋ በጭቃ ስትደፈን አየሩ የሚገባበት ሌላ መንገድ ስለሌለው መሳቡ ይበረታል። በተቃራኒውም ሣጥኑ ሲግል አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በማኅተሙ በኩል ይገፋዋል። መተንፈሻዋን መጥረግ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ከጥልቅ ውሃ በኋላ የመሙያውን ብሎን ፈትቶ የዘይቱን መልክ ማየትም እንዲሁ።

ለዘይት ነጋዴዎች

በመጨረሻ ዘይት አስመጪዎችና ባለሱቆች የሆኑ አንባብያን በዚህ ጕዳይ ያላቸው ድርሻ ትልቅ መሆኑን ለመግለጽ እንወዳለን። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም፤ ምን ዐይነት መኪና እንደ ሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተሠራ፣ ለካምቢዮው ይሁን ለዲፈረንሻሉ ጠይቆ መሸጥ የባለሱቁ ፈንታ ነው። ጂ ኤል 4 እና ጂ ኤል 5 በመደርደሪያ ላይ ተለያይተው ቢቀመጡ ስሕተትን ያስቀራል። በየሊትሩ ከበርሜል እየቀዳ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ዐይነት የተለየ መቅጃ ይኑረው፤ የዘይቱንም ስምና ቍጥር በወረቀት ጽፎ ለገዢው ይስጥ።

የታወቀ ስም ያለበትን ባዶ ቆርቆሮ ሰብስቦ ሌላ ዘይት የሚሞላ አጭበርባሪ እንዳይኖር፣ ባዶው ዕቃ ከመጣሉ በፊት ቢበሳ ወይም ቢቀደድ ይበጃል። ገዢም የማኅተሙን ደኅንነትና የምድብ ቍጥሩን ሳያይ አይቀበል። የተቃጠለው ዘይት ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ እንዳይደፋ፣ በክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ ለሚረከቡ ሰዎች ቢሰጥ ለጤናም ለምድራችንም ይጠቅማል።

ሥራው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ዘይቱ የተለወጠበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የዘይቱ ዐይነትና ለየትኛው ሣጥን እንደ ሆነ በአንዲት ካርድ ላይ ተጽፎ በጋቢናው ውስጥ ይቀመጥ። ይህች ካርድ ለነጂው ማስታወሻ ናት። መኪናው በሚሸጥበት ቀን ደግሞ እንደ ደኅና የሒሳብ መዝገብ ሆና ለቀጣዩ ገዢ ትመሰክራለች፤ እርሱም የፈሰሰውን ዘይት አይቶ የካርዷን ቃል እውነት ሆኖ ያገኘው እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ የጠየቀውን ዋጋ ለመክፈል አያመነታም።